ሲስተርን ጠይቁ፦ መርሳት፣ መጃጀትና የአረጋውያን ሰውነት

ሲስተር፦ እሺ ጀመርን። የአረጋውያን ክፍል ነርስ ነኝ፣ ዶክተር አይደለሁም። ስትጠይቁ እድሜ፣ መቼ እንደጀመረ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ጻፉልኝ። በሙሉ ስል ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የተገዛውንም ነው።

የእማዬ ልጅ፦ ሲስተር እናቴ 78 ዓመቷ ነው፣ የራሷን ሂሳብ ራሷ የምትሠራ ሴት ከሰኞ ወዲህ ማታ ማታ ትቃዣለች፣ የሞተች እህቷን ትጠራለች፣ ቀን ቀን ደሞ ታንቀላፋለች። ዘመድ ሁሉ በቃ ጃጅታለች ተቀበሉት እያለን ነው። ትኩሳት የላትም።

ሲስተር፦ ማንም ሰው በአራት ቀን አይጃጅም! መጃጀት የምትሉት፣ ዲሜንሺያ የሚባለው የአእምሮ መዳከም፣ በወራትና በዓመታት ነው የሚመጣው። በሰዓታትና በቀናት የመጣ፣ አንዴ ደህና አንዴ ጥፍት የሚያደርግ መደናገር ዴሊሪየም ይባላል፣ ከጀርባው ሌላ በሽታ አለ ማለት ነው። የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የውሃ እጥረት፣ የሆድ ድርቀት፣ አዲስ መድኃኒት። ሰው ሲያረጅ ጥሙ ስለሚቀንስ «ጠጪ» ካልተባለች ላትጠጣ ትችላለች። ትኩሳት የላትም ብለሽ ደሞ አትረጋጊ፣ በዚህ እድሜ ኢንፌክሽን ያለ ትኩሳት ይመጣል። የሳምንቱን ቀናት ከእሁድ ወደ ኋላ ቁጠሪልኝ በያት፣ ሁለተኛው ላይ ሐሳቧ ከበረረ ትኩረቷ ነው የተነካው። ወድቃ ጭንቅላቷን መትታ ታውቃለች? ከሳምንታት በፊትም ቢሆን ንገሪያቸው፣ ደም ቀስ እያለ ሊጠራቀም ይችላል። ብቻ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰጃት። መድኃኒቱስ?

የእማዬ ልጅ፦ የግፊት አላት። እንቅልፍ እምቢ ሲላት ደሞ ባለፈው ሳምንት የአለርጂ ክኒን ገዛንላት፣ ያስተኛል ብለውን፣ ዳይፈንሃይድራሚን ይላል።

ሲስተር፦ ይኸው! ኧረ ሰው! ይሄ ክኒን አእምሮ ለማስታወስና ለማተኮር የሚጠቀምበትን አሴቲልኮሊን የሚባል ኬሚካል ይዘጋል። አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ የሚጨርሰውም እሱኑ ነው፣ ዶኔፔዚል የሚባለው የአልዛይመር መድኃኒት የሚሰጠውም የቀረው እንዳያልቅ ነው። ጠዋት ዶኔፔዚል ማታ ይሄን እየዋጡ የሚመጡ አሉ እኮ፣ በተሰነጠቀ እንስራ ውሃ መቅዳት። ለፊኛ የሚታዘዘው ኦክሲቡቲኒን፣ ለነርቭ ሕመምና ለድባቴ የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊንም የዚሁ ዘር ናቸው፤ አፍ ያደርቃሉ፣ ሆድ ያደርቃሉ፣ ሽንት ይይዛሉ። ከዚያ ደሞ ሰውነቱ ራሱ ተለውጧል፦ ውሃው ቀንሷል፣ ስቡ ጨምሯል፣ ስለዚህ እንደ ዳያዜፓም ያለው ማረጋጊያ ክኒን ስብ ውስጥ ገብቶ ለቀናት ይቆያል። ኩላሊትም ይቀዘቅዛል፣ ጡንቻ ስለከሳ ግን ክሬአቲኒኑ፣ የኩላሊት የደም ምርመራው ማለት ነው፣ ደህና መስሎ ይወጣል። ያን የአለርጂ ክኒን አትድገሙላት፣ ካርቶኑን ይዘሽ ሂጂ። ሌሎቻችሁ ይሄን አንብባችሁ የታዘዘ መድኃኒት በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፣ ዳያዜፓም ለረጅም ጊዜ ተወስዶ በድንገት ቢቆም ያንቀጠቅጣል።

የማታ ወፍ፦ የአልዛይመርና የዲሜንሺያ ልዩነት ምንድነው?

ሲስተር፦ ዲሜንሺያ የጅምላ ስም ነው፣ አልዛይመር አንዱ፣ ከ100 ታማሚ ከ60 እስከ 70 የሚሆነው። ቀጣይ።

ታዛቢ፦ ክኒን ሁሉ ንግድ ነው። ጊንኮ የሚባለውን የቅጠል መድኃኒት ስጧቸው፣ ተፈጥሯዊ ነው።

ሲስተር፦ እ.ኤ.አ. በ2008 ውጤቱ የወጣ ከ3,000 በላይ አረጋውያን የተሳተፉበት ጥናት ጊንኮ ዲሜንሺያን አልከላከለም ብሏል። ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ደሞ መድማት ሊያባብስ ይችላል። እሱም ይሸጣል ወንድሜ፣ በነፃ አይታደልም።

አዲስ፦ አባቴ ይረሳል ምን ይሻላል?

ሲስተር፦ እድሜ? ከመቼ ጀምሮ? መድኃኒት? ከላይ ምን አልኩ?

የማታ ወፍ፦ እናታችን አባታችን የት ሄደ ትላለች፣ ከሞተ ቆይቷል። እህቴ እውነቱን ትነግራታለች፣ በየቀኑ እንደ አዲስ ታለቅሳለች።

ታዛቢ፦ እና ይዋሻት? እናትን መዋሸት ነውር ነው።

የማታ ወፍ፦ አንተ ቤት አልደረሰማ!

ታዛቢ፦ ደርሷል። አያቴን ነው ያስታመምኩት፣ እውነቱን እየነገርናት ነው ያለፈችው።

ሲስተር፦ ተዉ እንጂ፣ እዚህ አትጣሉ። መዋሸትም መርዶ ማርዳትም ግድ አይደለም። «ናፈቀሽ? እስቲ ስለሱ አጫውቺኝ» በላት። የምትጠይቀው ብዙ ጊዜ ስለፈራች ወይ ብቻዋን ስለሆነች ነው።

አዲስ፦ 81 ነው፣ ሁለት ዓመት ሆነው፣ መድኃኒት የለም። ስናወራው ሌላ ነገር ይመልሳል፣ ቲቪ ያስጮሃል።

ሲስተር፦ አሁን ጥያቄ ሆነ። መጀመሪያ ጆሮውን አሳየው። በእርጅና ቀድሞ የሚሄደው ቀጭኑ ድምፅ ነው፣ ስ፣ ፍ፣ ት የመሳሰሉት ይጠፉበታል፣ ድምፅህን ይሰማል፣ ቃሉን አይለይም። ኩክ ብቻም ሊሆን ይችላል። አትጩህበት፣ ፊት ለፊቱ ሆነህ ረጋ ብለህ ተናገር። ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 የላንሴት ኮሚሽን፣ የሕክምና መጽሔቱ የባለሙያዎች ቡድን፣ ለዲሜንሺያ ያጋልጣሉ ብሎ ከዘረዘራቸው 14 ነገሮች አንዱ የመስማት ችግር ነው፣ ስለዚህ ማዳመጫ ካዘዙለት ያድርገው፣ ኪስ ውስጥ አይቀመጥ። ቫይታሚን ቢ12 እና የታይሮይድ ሆርሞንም ይታይለት፣ ሁለቱም ሲጎድሉ ያስረሳሉ፣ ይታከማሉም።

ሰላም፦ የጸጉር መሳሳትስ ሲስተር?

ሲስተር፦ የቆዳ ሐኪም።

ዝምታ፦ አጎቴ ክፍሉ ውስጥ ትንንሽ ልጆች ያያል፣ እርምጃው ተጎትቷል፣ በእንቅልፉ ይራገጣል። ሲረበሽ ማረጋጊያ መርፌ ይወጋ እያሉን ነው።

ሲስተር፦ ቆይ! ይሄ ሉዊ ቦዲ የሚባለውን ዲሜንሺያ ይመስላል። ከሆነ እንደ ሃሎፔሪዶል ያለ ማረጋጊያ ሰውነቱን እንደ እንጨት ሊያገትረው፣ ሊገድለውም ይችላል። መርፌው ከመወጋቱ በፊት እነዚህን ሦስቱን ምልክቶች ለሐኪሙ ንገሩ፣ ሉዊ ቦዲ ይሆን ወይ ብላችሁ በስሙ ጠይቁ። የሚወስደውንም መድኃኒት ይዛችሁ ሂዱ፣ በሙሉ።