አንደኛ የወጣው ከእኛ ሆኖ እንዴት ተሸነፍን?

የተሸነፋችሁት በአራተኛው ሯጫችሁ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ በአገር አቋራጭ ሩጫው አንደኛ የወጣው የእናንተ ልጅ ሆኖ ዋንጫውን ሌሎቹ የወሰዱት አለአግባብ አይደለም። የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮናም የቡድን ውጤት የሚቆጥረው እንዲሁ ነው።

እዚያ በአንድ ምድብ ከአንድ አገር እስከ ስድስት ሰው ይሮጣል። ቀድመው የገቡት የአራቱ ደረጃ ይደመራል፣ ትንሹ ድምር ያሸንፋል። የእናንተ 1፣ 9፣ 14 እና 30 ቢሆን 54 ነው። የእነሱ 4፣ 6፣ 8 እና 11 ከሆነ 29! እኩል ከመጣ አራተኛ ሯጩ ቀድሞ የገባለት ቡድን ይበልጣል። አምስተኛውና ስድስተኛውም ዋዛ አይደሉም፤ የተቃራኒን ሯጭ ከቀደሙ ደረጃውን ወደ ኋላ ይገፉታል።

አንድ ነገር ግን ልምከርህ። ቡሬ ላይ ልጆች ሳሠለጥን አራተኛችን ከፊተኞቹ ጋር እኩል ተፈትልኮ ወጣ። ዳገቱ ላይ እግሩ ከዳው። ጭቃውም ጫማውን ይይዝበት ነበር። መጨረሻ ላይ ተስፋ ቆርጦ ሲያዘግም ሦስት ልጆች አለፉት፣ በሁለት ነጥብ ተሸነፍን። እስካሁን ይቆጨኛል።

ለአራተኛው ልጅህ ከውድድሩ በፊት ንገረው፦ ሠላሳኛ ሆኖም ቢሆን አንድ ሰው ባለፈ ቁጥር ለቡድኑ አንድ ነጥብ ያተርፋል።