«ብቻዬን በላሁ» ወይስ «ለብቻዬ በላሁ»?

ጥያቄ፦ የምኖረው ፓሪስ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አዲስ ከተከፈቱት ቢስትሮዎች (ትንንሽ ምግብ ቤቶች) አንዱ ገብቼ፣ ባንኮኒው ጋ ተቀምጬ እራት በላሁ። ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁት። እናቴ ጋ ደውዬ «ብቻዬን እራት በላሁ» ብላት «ውይ ልጄን! ሰው አጥተሽ?» አለችኝ። እህቴ «ለብቻዬ ብትያት ይሻል ነበር» ትላለች። የቱ ነው ትክክል? ደግሞስ «ቢስትሮ» ከሩሲያኛ የመጣ ነው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ሁለቱም ግን ጣጣ አላቸው።

«ብቻዬን» መጨረሻ ላይ ያለችውን «ን» ልብ በያት። የተሳቢ «ን» አይደለችም፤ የተበላው እራቱ ነው። ይቺኛዋ ሰውየው በምን ሁኔታ ላይ እንደነበረ ነው የምትነግረን። «ባዶ እጁን መጣ»፣ «ባዶ እግሩን ሄደ»፣ «ራቁቱን ወጣ» እንደምንለው ማለት ነው። ጎረቤቶቿን አየሽልኝ? አንዱም ሙሉ የለ። እናትሽም የሰማችው ጉድለቱን ነው።

«ለብቻ» ግን መለየትን ነው የሚያሳየው። «ለብቻህ ላናግርህ» የተባለ ሰው አይታዘንለትም። «ለብቻዬ ክፍል ያዝኩ» ያለማ ተመችቶታል። እስከዚህ እህትሽ ልክ ናት። «በላሁ» ሲከተል ነው ነገር የሚበላሸው። ከአንድ ትሪ መጉረስ በለመደ ሕዝብ ቋንቋ፣ ለብቻው የበላ ማለት ያላካፈለ ማለት ነው። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለው ተረትም፣ ቃሉ «ብቻውን» ይሁን እንጂ፣ የሚረግመው ስስታሙን ነው።

ፈረንሳዩ ይሄ ጭንቀት የለበትም። ምግብ ቤቱ በር ላይ «አን ኩቬር» (የአንድ ሰው ሹካና ቢላ) ይላል፣ አለቀ። የሚቆጠረው ሰው ሳይሆን ሹካና ቢላው ነው። ሳህኑም ቢሆን የየራስ ነው።

«ተመገብኩ» በይ የሚልሽ ይኖራል። አትስሚው፤ የዜና አማርኛ ነው፣ እናት ጋ አይደወልበትም።

እኔ ብሆን «ብቻ»ን ጭራሽ አላነሳትም። «ወጣ ብዬ እራት በላሁ» እላለሁ። «ወጣ ብዬ» ነገሩን ቀለል ያደርገዋል፤ ታስቦበት ሳይሆን እግር እንደመራ ያስመስለዋል። የአሁን ልጆች «ራሴን ጋበዝኩ» ይላሉ፤ እሱንም እወደዋለሁ። ግብዣ ጋባዥና ተጋባዥ ይፈልጋል፣ ሁለቱንም አንቺው ሆንሽ። እርግጥ እናትሽ «ከማን ጋር?» ማለቷ አይቀርም። ለእሱ ሰዋስው አይደርስልሽም።

ወደ «ቢስትሮ» ስንመጣ፣ በሩሲያኛ «ቢስትራ» ማለት «ቶሎ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1814 ፓሪስ የገቡ የሩሲያ ወታደሮች «ቶሎ አምጡ!» እያሉ ሲያስቸግሩ ስሙ ቀረ ይባላል። ጨዋታው ያምራል። ግን ቃሉ ፈረንሳይኛ ጽሑፍ ላይ ብቅ ያለው በ1880ዎቹ ነው። «ቶሎ» የሚል ቃል እንዴት ሰባ ዓመት ይዘገያል?