‹‹ጋሼ›› የሚለኝ ልጄ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እኔና ባለቤቴ ልጅ ስላልወለድን ከሦስት ዓመት በፊት የአምስት ዓመት ወንድ ልጅ በጉዲፈቻ ወስደን እያሳደግን ነው። በምግቡም በልብሱም በትምህርቱም ያጎደልኩበት የለም። መርካቶ ነጋዴ ስለሆንኩ ማታ ስገባ አብዛኛውን ጊዜ ተኝቶ ነው የማገኘው። ባለቤቴን ‹‹እማዬ›› ይላታል፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ ‹‹ጋሼ›› ነው የሚለኝ። ዘመዶቼ ‹‹የሰው ልጅ የሰው ነው፤ አንተ ጽድቅህን አግኝተሃል፣ ይበቃሃል›› ይሉኛል። እውነት የደም ነገር ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ባለቤትህስ መቼ ወለደችው? ነገሩ የደም ቢሆን ኖሮ እሷም ‹‹እትዬ›› ተብላ በቀረች።

ዘመዶችህ ያሉህን ቃል በብዙ ቤት ሰምቼዋለሁ። የሚነገረውም በክፋት ሳይሆን ለምስጋና ነው፤ ጉዳቱም እዚያ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ዝክር ተጠርቼ፣ ባለቤቱ በእንግዶች ፊት ‹‹ይህን ልጅ ለነፍሴ ብዬ ነው የማሳድገው›› አሉ። ልጁ ያን ጊዜ እኔን እያስታጠበ ነበር። ቀና ብሎ አያቸው፤ ውሃው እጄን አልፎ እጅጌዬን እስኪያርሰው ድረስ ማንቆርቆሪያውን አላቀናም።

ለነዳይ መጽውተህ መንገድህን ትቀጥላለህ። ልጅን እንዲያ አድርገህ የት ታልፈዋለህ? ብዙዎች ያዕቆብ 1፥27ን ይጠቅሱልኛል። እዚያ የተጻፈው ግን ወላጅ የሌላቸውን ‹‹መጠየቅ›› ነው፤ መቀለብ ብቻ አይልም። መርዶክዮስን ተመልከት። ወላጆቿ የሞቱባትን አስቴርን እንደ ልጁ አድርጎ ወሰዳት። ቤተ መንግሥት ከገባች በኋላ እንኳ፣ የሚያጎድሉባት ነገር ሳይኖር፣ ደኅንነቷን ለማወቅ ዕለት ዕለት በሴቶቹ ቤት ፊት ለፊት ይመላለስ ነበር (አስ. 2፥11)። ዕለት ዕለት ነው የሚለው።

የደሙን ነገር ካነሳህ ደግሞ፣ አንተ በአርባ ቀንህ ያገኘኸው ልጅነት በምንድን ነው? በጸጋ አይደለምን? ባዕዳን ሳለን ነው ‹‹አባ አባት›› የምንልበት የልጅነት መንፈስ የተሰጠን (ሮሜ 8፥15)። ይህን እያመነ ‹‹የሰው ልጅ የሰው ነው›› የሚል ክርስቲያን የገዛ ጥምቀቱን እያቃለለ ነው። የመንግሥት ሕግ እንኳ፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ፣ የጉዲፈቻን ልጅ እንደ ልጅ ይቆጥረዋል፤ እኛ ከሕጉ ልናንስ ነው?

ኦሪት ቃሉን ለልጅህ በቤት ስትቀመጥ፣ በመንገድ ስትሄድ፣ ስትተኛም፣ ስትነሣም ‹‹ተጫወተው›› ትላለች (ዘዳ. 6፥7)። ተኝቶ ከምታገኘው ልጅ ጋር መቼ ትጫወታለህ? ገበያ እንደሚጎዳብህ አውቃለሁ፤ ቢሆንም በሳምንት ሁለት ቀን ሱቅህን ቀደም ብለህ ዝጋ። እሑድ አብራችሁ አስቀድሱ፤ ስትመለሱ ታክሲ አትያዙ፣ በእግራችሁ ኑ። ልጅ መንገድ ላይ ብዙ ይጠይቃል፤ ስልክህን ኪስህ ከትተህ መልስለት። ‹‹አባዬ በለኝ›› ብለህ ግን እንዳታስጨንቀው። እስከዚያው ‹‹ጋሼ›› ሲልህ ‹‹ወዬ›› በለው።