ሃይፎንግ በፈንጂ ታጥሮ ሞስኮ ላይ እራት፦ ስለ 1972ቱ ጉባኤ ለጠየቃችሁኝ

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰንና የሶቪየቱ መሪ ብሬዥኔቭ ቬትናም ውስጥ ጦርነቱ እየነደደ ሞስኮ ላይ መገናኘታቸውን ካነሳሁ ወዲህ ብዙ ጠይቃችሁኛል። ቀኖቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ የሶቪየትን ወዳጅ ሰሜን ቬትናምን እየደበደበች ጉባኤው እንዴት አልተሰረዘም?

ሊሰረዝ ጥቂት ነው የቀረው። በማርች መጨረሻ ሰሜን ቬትናም በደቡብ ቬትናም ላይ ትልቅ ማጥቃት ከፈተች። ሜይ 8 ኒክሰን የሰሜን ቬትናም ወደብ የሆነው ሃይፎንግ በባሕር ፈንጂ እንዲታጠር ማዘዛቸውን ተናገሩ። የሶቪየት መርከቦች ዕቃ የሚያራግፉት እዚያው ወደብ ነበር። ጉባኤው ደግሞ ሜይ 22 ሊከፈት ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ዋሽንግተን ውስጥ ብዙ ሰው "በቃ፣ አለቀለት" ብሎ ነበር።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሶቪየቶች ለምን ዋጡት?

ቢሰርዙት የሚያጡትን ስላሰሉት ነው። ኒክሰን በፌብሩዋሪ ቤጂንግ ሄደው ከቻይናው መሪ ማኦ ጋር ተጨባብጠዋል። ሞስኮ በሯን ብትዘጋ አሜሪካንን ወደ ቻይና መግፋቷ ነው። የምዕራብ ጀርመን ፓርላማም ከሞስኮ ጋር የተፈረመውን ውል ለማጽደቅ ቀናት ቀርተውት ነበር፤ ሜይ 17 አጸደቀው። የሚሳይል ድርድሩም ወደ ማለቁ ነው። ከውስጥ ተቃውሞ አልጠፋም። የዩክሬኑ ፓርቲ መሪ ሸለስት ኒክሰን እንዳይመጡ ተከራክረዋል። በዚያው ወር ሥልጣናቸውን አጡ።

ጥያቄ፦ ስለ ቬትናምስ ምን ተባባሉ?

እኔን እስከዛሬ የሚከነክነኝ ይሄ ነው። ሜይ 24 ማታ፣ ከሞስኮ ወጣ ባለ ዳቻ (የገጠር ማረፊያ ቤት)፣ ብሬዥኔቭ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኮሲጊንና ርዕሰ ብሔሩ ፖድጎርኒ ተራ በተራ ኒክሰን ላይ ውርጅብኝ አወረዱባቸው። ሦስት ሰዓት ያህል! ከዚያ ሁሉም ፎቅ ወጥተው እራት በሉ፣ ጠጡ፣ ተጨዋወቱ። የኒክሰን የደኅንነት አማካሪ የነበሩት ኪሲንጀር ያ ቁጣ ለሃኖይ፣ ማለትም ለሰሜን ቬትናም መንግሥት፣ ማሳያ እንዲሆን የተነገረ እንደመሰላቸው በኋላ ጽፈዋል። እኔም እንደዚያው ነው የማምነው። የእውነት ቢቆጡ ኖሮ በማግስቱ ስለ ሚሳይል ባልተደራደሩ።

ጥያቄ፦ ምን ተፈረመ?

ሜይ 26 ሁለት ሰነዶች ተፈረሙ። አንዱ የፀረ ሚሳይል መከላከያን የሚገድብ ውል ነው። ሌላው የማጥቂያ ሚሳይሎችን ቁጥር ለአምስት ዓመት ባለበት የሚያቆም ነው። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፣ አላሳንሰውም።

ጥያቄ፦ ቬትናሞች ምን አገኙ?

ከዚያ ጠረጴዛ? ምንም። ሰሜኖቹም ደቡቦቹም ወንበር አልነበራቸውም። በጁን ፖድጎርኒ ሊያባብሉ ሃኖይ ሄዱ። በዲሴምበር ቢ-52 የተባሉት የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ሃኖይንና ሃይፎንግን ደበደቡ። አሜሪካን ከጦርነቱ ያስወጣት የፓሪሱ ስምምነት የተፈረመው ጃንዋሪ 27፣ 1973 ነው፤ ከሞስኮው እራት ስምንት ወር በኋላ።