መልስ፦ ኦቶፓይለቱ ጀልባዋን ለምን ያጠማዝዛታል?

ወንድሜ፣ «ኦቶፓይለቱን 90 ዲግሪ (ወደ ምሥራቅ) ላይ ሞልቼው ጀልባዋ ለምን እንደ እባብ ትጠማዘዛለች?» ላልከው፦ ኦቶፓይለቱ፣ ማለትም ጀልባዋን በራሱ የሚነዳው መሣሪያ፣ መንገዱን አያይም፤ የሚያየው ኮምፓሱን ነው። አፍንጫዋ ወደ 95 ከዞረች ኮምፒውተሩ «5 ዲግሪ ስህተት» ብሎ ሞተሩን ያዛል። ሞተሩ ደግሞ ከኋላ ውሃ ውስጥ ያለውን መሪ ያዞራል።

ጣጣው መመለሱ ላይ ነው። ጀልባ ፍሬን የላትም። መሪውን ቀጥ ብታደርገውም መዞሯን ትቀጥልና 90ን አልፋ ወደ ሌላው ጎን ትሄዳለች። ስለዚህ ጎበዝ ነጂ ገና 90 ሳይደርስ መሪውን ትንሽ ወደ ተቃራኒው ይሰብራል። ሚኖርስኪ የሚባል መሐንዲስ በ1922 እ.ኤ.አ. ይህንኑ የነጂዎች ዘዴ በሂሳብ ቀመር አወጣው። ስህተቱን ብቻ ሳይሆን የመዞር ፍጥነቱንም ቁጠር ነው ነገሩ። ነፋስ ከአንድ ጎን ሲገፋ ደግሞ ግፊቱን ለመቋቋም መሪው ትንሽ ዘንበል እንዳለ ይቆያል።

ያንተ ግን ሴንሲቲቪቲው (ለትንሽ መዛነፍ ምን ያህል ቶሎ እንደሚመልስ የሚወስነው ማስተካከያ) የበዛ ይመስለኛል፤ ቀንሰው። ለእያንዳንዷ ማዕበል ልመልስ ካለ ባትሪህንም ይጨርሰዋል። ኮምፓሱ አጠገብ ስፒከር ወይም ብረት ካለም አንሳ፤ ኮምፓሱን ያሳስተዋል። እኔ አንዴ ግማሽ ቀን የለፋሁት ረስቼ ባስቀመጥኳት አንዲት ፒንሳ ነው!