ድዴ ይደማል፣ ጥርሴ ይነቃነቃል፤ ካልሲየም ልውሰድ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ46 ዓመት ሰው ነኝ፤ ጅማ መርካቶ ቡና እነግዳለሁ። ጥርሴን ስቦርሽ ድዴ መድማት ከጀመረ ሁለት ዓመት አለፈው። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቼ ስውጥ ትንሽ ይተወኝና ይመለሳል። አሁን ደግሞ ቆሎ ስበላ የታችኞቹ የፊት ጥርሶቼ ይነቃነቃሉ። ቅዳሜና እሁድ እቅማለሁ፤ ሲጋራም አለች። ባለቤቴ «አጥንትህ ሳስቷል፣ ካልሲየም ግዛ» ትላለች። ጥርሴን ላሳጥብ ስል ጓደኞቼ «ጭራሽ ይረግፍልሃል» ብለው አስፈሩኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ካልሲየሙን ለጊዜው ይተዉት። ባለቤትዎ ግን ግማሹን አግኝተውታል፤ ነገሩ አጥንት ላይ ሳይደርስ አልቀረም። የሚጎዳው ጥርስ የተተከለበት የመንጋጋ አጥንት ጠርዝ ነው። ያን አጥንት በአብዛኛው የሚበላው ደግሞ ባክቴሪያው ሳይሆን የራስዎ ሰውነት ነው።

በጥርስና በድድ መሀል ትንሽ ስንጥቅ አለች። ጤነኛ ስትሆን ጥልቀቷ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። እዚያ ባክቴሪያ ሲከማች ነጭ የደም ሴሎች ይደርሳሉ። ድዱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነኩት ይደማል። «ድዴ ተቆጣ» የምንለው ይህን ነው፤ እኔ ከመጽሐፉ ቃል ይልቅ ይሄ ደስ ይለኛል። እዚህ ላይ ቢጸዳ ይድናል። ቆሻሻው ካልተነሳ ግን ቁጣው አይበርድም። ሴሎቹ ኢንተርሉኪን እና ቲኤንኤፍ የሚባሉ የጥሪ ኬሚካሎችን መልቀቃቸውን ይቀጥላሉ። ጥሪው አጥንቱ ጋ ሲደርስ ራንክል የሚባል ምልክት ይበዛል። ራንክል አጥንት አፍራሽ ሴሎችን ይቀሰቅሳል። እነዚህ ሴሎች ድሮም አሉ፤ አሮጌውን ያፈርሳሉ፣ ሠሪዎቹ በአዲስ ይተካሉ። ቁጣው ሲረዝም ሚዛኑ ወደ አፍራሾቹ ያጋድላል። ሌባ አባርራለሁ ብሎ አጥሩን የሚያፈርስ ዘበኛ ይበሉት። እንዲህ ባለ ጊዜ ካልሲየም መዋጥ፣ አፍራሹ ሥራ ላይ እያለ ብሎኬት እንደ ማመላለስ ነው።

ዛሬ ማታ መስታወት ፊት ቆመው ምላስዎን ወደ ላይ ያንሱ። ከታችኞቹ የፊት ጥርሶች ጀርባ ቢጫ ወይም ቡናማ ቅርፊት ሳያዩ አይቀሩም። በጥፍር ቢፍቁት አይነሳም። ከምላስ ሥር የምራቅ ቱቦዎች የሚከፈቱት እዚያው አጠገብ ነው። የምራቁ ማዕድን ለስላሳውን ቆሻሻ ድንጋይ ያደርገዋል። ዋናው ማዕድን ደግሞ ካልሲየም ነው፤ ባለቤትዎ እንዳይቀየሙኝ። ድንጋይን አሞክሳሲሊን አያነሳውም፤ ድንጋዩ ላይ ተጣብቆ የተደራረበውን ባክቴሪያም በደንብ አያገኘውም።

መታጠብ ያረግፋል የሚሉት ያዩትን ነው የሚናገሩት። ድንጋዩ ጥርሶቹን እንደ ሲሚንቶ አያይዟቸው ይቆያል። ሲነሳ ክፍተት ይታያል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ይጠዘጥዛል፣ ጥርሱም ለጥቂት ቀናት የባሰበት ይመስላል። አጥንቱ የጠፋው ግን ከመታጠቡ በፊት ነው። ቁጣው ሲበርድ ብዙ ጊዜ ጥርሱ ጠበቅ ይላል። የሄደው አጥንት በራሱ አይመለስም፤ ትግሉ የቀረውን ለማቆየት ነው።

ስለዚህ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልም ሆነ ሌላ ቦታ የጥርስ ሐኪም ይዩ። የድዱ ጥልቀት ይለካ፣ ራጅ ይነሱ፣ ከድድ በታች ያለው ድንጋይ ጭምር ይጽዳ። የስኳር ምርመራም ያድርጉ። ስኳር የድድን ቁጣ ያባብሳል፤ የተቆጣ ድድም ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል።

«ሲጋራም አለች» ብለው ቶሎ ያለፏት ነገር ትልቋ ጥፋተኛ ልትሆን ትችላለች። የሰውነትን መከላከያ ታዳክማለች፤ መድማቱንም ትደብቃለች። ደሙ ቢቀንስ በሽታው ለቀቀኝ እንዳይሉ። ጫቱም በአንድ ጉንጭ ለሰዓታት ሲቀመጥ ድዱን እየገፋ ያሸሸዋል። ቡናዎን ግን ይጠጡ፤ ጥርስ ቢያጠቁር እንጂ አጥንት አይበላም።

ቀጠሮው እስኪደርስ በለስላሳ ብሩሽ በቀን 2 ጊዜ ይቦርሹ፤ ቢደማም አያቁሙ። መፋቂያም ጥሩ ነው፣ የጥርሱን ጀርባ አይርሱ እንጂ። ቆሎውን በጎን ጥርስ ይብሉ። የሚነቃነቀውን በምላስ እየገፉ አይፈትኑት። ድድዎ አብጦ ትኩሳት ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ያኑ ዕለት ይሂዱ።