ለጥሎሽ ልበደር ወይ ላልከው ልጅ

ልጄ፣ ደብረ ብርሃን ያሉት የእጮኛህ ቤተሰቦች ሽማግሌዎችህን «እሺ» ካሉ በኋላ የጥሎሽ ዝርዝር ልከውልህ፣ ወርቁን ለመግዛት ከቁጠባ ማኅበር ልበደር ወይ ብለሃል። አትበደር። ሴት ልጆች ድሬአለሁ፤ ጥሎሽ ተቀባዩን ወገን ከውስጥ አውቀዋለሁ።

ጥሎሹ ሲቀርብ ሚዜዎቹ ሻንጣውን መሀል አስቀምጠው ይከፍቱታል፤ አንዱ ተነሥቶ ቀሚሱን፣ ጫማውን፣ ጃንጥላውን እያነሣ ያሳያል። አክስቶች ከጓዳ በኩል «አልታየንም፣ ከፍ ይበል!» ይላሉ። ሀብሉ ሲወጣ እልልታው ይቀልጣል። ደስ ይላል፣ ወጉን አልነቅፍም። ነገር ግን ሻንጣው ተዘግቶ ምግብ ሲቀርብ ስለ ሀብሉ ክብደት የሚያወራ አንድም ሰው የለም። አንዲት የማውቃት ሙሽራ የታየላት ሀብል ከሙሽራው እህት የተዋሰ ኖሮ ከመልሱ በኋላ ተወሰደ። ያን ጊዜ ያለቀሰችው ልቅሶ አሁንም ይከነክነኛል። የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ የብድሩም ያው ነው፤ ዕዳውን ሙሽራዋ ራሷ ከአስቤዛዋ እየቀነሰች ትከፍለዋለች።

እኔ መንዝ ስዳር ሽማግሌዎች አምሽተው የተከራከሩት በማጫው፣ ሁለቱ ወገኖች ለአዲሱ ጎጆ እኩል በሚያዋጡት ሀብት፣ ነበር። የባለቤቴ አባት «አንድ ጊደር፣ ይህን ያህል በግ» ሲሉ አባቴ እኩያውን ጠሩ፤ ዋስ ቆመ። ከብቱ ማንም ቤት አልቀረም፣ ወደ እኛ ጎጆ ገባ። አባቴ እርጉዝ በጎች መርጠው ነበርና የመጀመሪያው ክረምት ሳይወጣ ግልገል አየን፤ ከጸጉሩም የለበስነው ባና ተሠራ። ጋብቻ ቢፈርስ እንኳ በእኩል የገባ በእኩል ይወጣ ስለነበር ሴቲቱ ባዶ እጇን አትመለስም። ዛሬ ከተማ ስንገባ ጥሎሹን አሳብጠን ማጫውን መርሳታችን ያንገበግበኛል።

በኪራይ ቤት ጊደር የት ይታሰራል ትል ይሆናል። ለወርቁ ያሰብከውን ገንዘብ በሁለታችሁ ስም ባንክ አስገባው፤ ወይም እጮኛህ ሙያ ካላት የልብስ ስፌት መኪና ይሁን። የእርሷም ወገን የአቅሙን ይጨምር። ከዚያ ይጻፍ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ (ክልላችንም በ1995 ዓ.ም. የራሱን አውጥቷል) የጋብቻ ውል በጽሑፍ ሆኖ በ4 ምስክሮች፣ ሁለቱ በባል ሁለቱ በሚስት በኩል፣ እንዲረጋገጥ ይላል። ለሁለታችሁ በአንድነት የተሰጠ ስጦታ በስጦታው ላይ ሌላ ቃል ካልተጻፈ የጋራ ነው፤ ለአንዳችሁ ብቻ የተሰጠ የግል ነው፤ ከግል ንብረት የሚገኘው ገቢ ግን የጋራ ይሆናል። ስለዚህ አባት «ይህ ለልጄ ነው» ካሉ ለማን እንደሆነ በውሉ ላይ በግልጽ ይስፈር።

አስቀድመህ ለእጮኛህ ንገራት፤ ከሽማግሌ አፍ እንዳትሰማው። ቀጥሎ ሽማግሌዎችህ ተመልሰው አባትየውን «ወርቁን ቀንሰን በማጫ እናስመዝግበው፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ይበሉ። አባትየውን ያልኩት በምክንያት ነው፤ እኛ ቤት ዝርዝሩን የጻፉት እህቶቼ ነበሩ፣ ባለቤቴ ያየው ከተላከ በኋላ ነው። አይቶም ተቆጥቷል።

የእናትየውን ቀሚስና የአባትየውን ጋቢ ግን እንዳትሰርዝ። ያሳደጉበት ምስጋና ነውና እነርሱን መቀነስ ያስቀይማል። ጋቢውን እናትህ ብታስፈትለው ከገበያው ይበልጣል፤ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ከሆነ ሸማኔው እንዲደርስልህ ከአሁኑ ንገረው።